ያ ሁሉ ብርድ ከየት መጣ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ካዛንቺስ ነው የምሠራው። ባለፈው ሳምንት ከሰኞ ጀምሮ ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎን ነበር። መስኮት ስንከፍት አቧራ፣ ስንዘጋ ወበቅ። ሐሙስ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ግን ሰማዩ በአንዴ ጠቆረ። ነፋሱ መጣ፣ ነጎድጓዱ መስኮቱን አንቀጠቀጠው፣ በረዶ ወረደ። 11 ሰዓት ከቢሮ ስወጣ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ በረደኝ። እናቴ ‹ሙቀት ሲበዛ ዝናብ አይቀርም› ትላለች። እውነት ነው? ያ ሁሉ ብርድስ ከየት መጣ? ቦሌ ያለችው እህቴ ጠብታ አላየሁም ማለቷም ገርሞኛል። የስልኬ አፕ ሰዓቱን ለይቶ ለምን አይነግረኝም? ሙቀቱስ ተመልሶ ይመጣል? በመጨረሻ፣ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ‹ስልክ አጥፉ፣ መብረቅ ይስባል› አለን። ልክ ነው?»

በአጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ብርዱን ያመጣው ከላይ የወረደው አየር ነው እንጂ የዝናቡ ውሃ አይደለም። ያ አየር የቀዘቀዘው ደግሞ የዝናቡ ጠብታ በውስጡ እየተነነ ሙቀቱን ስለነጠቀው ነው። እናትዎ ግማሽ እውነት አላቸው። እህትዎ አልዋሹም። ረዳቱ ተሳስቷል፤ ግን በዚያ ሰዓት ታክሲ ውስጥ መሆናችሁ ጥሩ ነበር።

ከሙቀቱ ልጀምር። የቆላ ሰው «አዲስ አበባ ሞቀ» ሲባል ሲሰማ ይስቃል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ለሚኖር ሰው 27 ዲግሪ የሚመኘው አየር ነው። እኛ ዘንድ በዓመቱ ሞቃታማ ወራት፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። 28ን ሲነካ ከተማው በሙሉ ያማርራል። ይህን እንደ ቅብጠት አልቆጥረውም፤ ምክንያት አለው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። የመጀመሪያው በሚያዝያ መጀመሪያ፣ 6 ቀን ገደማ ነው። ሁለተኛው በነሐሴ መጨረሻ ነው። በነሐሴ ደመናው ስለሚከልላት ካፖርት ለብሰን እንከርማለን። በሚያዝያና በግንቦት ግን የሚከልላት የለም። በዚያ ላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። ከባቢ አየሩ ሩብ ያህሉ ከእኛ በታች ቀርቷል። ጨረሩ ሳይጣራ ይደርሰናል። ለዚህ ነው ጥላ ስር ገብተው እፎይ ያሉት ሰው፣ አንድ እርምጃ ወደ ፀሐይ ሲወጡ አናትዎን የሚበሳዎት። ቴርሞሜትር ደግሞ ሁልጊዜ የሚለካው የጥላውን አየር ነው። በዜና የሚሰሙት 27 ዲግሪ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ወይም መስታወት በለበሰ ሕንፃ ውስጥ ያለውን ሰው አይመለከትም። የካዛንቺስ አስፋልት ላይ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቀውንም አይመለከትም።

ወበቅ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ሰኞና ማክሰኞ የነበረው ደረቅ ሙቀት ይመስለኛል። «አቧራ» ብለዋልና። በደረቅ ሙቀት ላብዎ ሳይታወቅዎት ይተናል፣ ሲተንም ሰውነትዎን ያቀዘቅዛል። ከረቡዕ ወዲህ ግን አየሩ እርጥበት ይዞ ሳይገባ አልቀረም። እርጥበቱ ሲበዛ ላቡ አይተንም፤ ሸሚዝ ላይ ይለጠፋል። ቴርሞሜትሩ ላይ አንድ ዲግሪ እንኳ ሳይጨምር «ታፈንኩ» ማለት ይጀምራሉ። በበልግ ያ እርጥበት በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ነው የሚመጣው። የዓረቢያ ከፍተኛ የአየር ግፊት ወደ ባሕሩ ሲንሸራተት፣ ነፋሱ ባሕር አቋርጦ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ይገባልናል። ግፊቱ የብስ ላይ ተጎልቶ ሲቀር ደግሞ የሚደርሰን ደረቅ ነፋስ ነው። የበልግ ዝናብ አንዳንድ ዓመት እየተቆራረጠ ገበሬውን የሚያስጨንቀው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ወበቁ እንግዲህ የዝናቡ ጥሬ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ እናትዎ አባባል። ሙቀት ብቻውን ዝናብ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ዳሎልን ጎርፍ ይወስዳት ነበር። በ1950ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በተደረገው ልኬት የዳሎል የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነው። ዝናብ ግን ብርቅ ነው። ነጎድጓዳማ ዝናብ እንዲመጣ ምድሩ መሞቅ አለበት፤ አየሩ እርጥበት መያዝ አለበት፤ ከላይ ያለው አየር በበቂ ሁኔታ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ አየሩን ወደ ላይ የሚገፋ ነገርም ያስፈልጋል። እናትዎ የመጀመሪያውን ነው ያዩት። እንዲያም ሆኖ አዲስ አበባ ላይ፣ በግንቦት፣ ወበቅ ያለበት ሙቀት ሲሆን አባባላቸው ብዙ ጊዜ ይሠራል። ከስልክዎ አፕ የማይተናነስበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ታዲያ ሰኞና ማክሰኞ ለምን አልዘነበም? ከላይ የተከደነ ነገር ስለነበረ ነው። አንዳንዴ ከከተማው በላይ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ሞቅ ያለ ደረቅ የአየር ንጣፍ ይተኛል። ከታች የሚነሳው አየር እዚያ ሲደርስ ከአካባቢው ይቀዘቅዝና ያቆማል። እሳት ላይ እንደተጣደ፣ ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት ማለት ነው። ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። 7 ሰዓት ላይ ትንንሽ ነጫጭ ደመናዎች ብቅ ይላሉ። ሽቅብ አያድጉም። ጠፍጣፋ እንደሆኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይበተናሉ። ያን ቀን ጃንጥላ አያስፈልግዎትም።

ግን ሙቀቱም እርጥበቱም ከታች እየተጠራቀመ ነው። ክዳኑ ባይኖር ኖሮ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ካፊያ እየጣለ ይተነፍስ ነበር። ክዳኑ ስላለ ግን ሁሉም ለሐሙስ ይቆያል። የብዙ ቀን ሙቀት በዝግታ ሳይሆን በአንድ ከሰዓት በዶፍና በበረዶ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ክዳኑን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ከሰሜን፣ ከሜዲትራኒያን ወገን፣ በከፍታ ላይ የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር ነው። አንዳንዴም የምድሩ ሙቀት ራሱ በዝቶ ይሰብረዋል። ለመስበር ደግሞ እንጦጦን የመሰለ ረዳት የለም።

ከካዛንቺስ ሆነው ወደ ሰሜን ቢያዩ ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ተዳፋቱን ታሞቀዋለች። የሞቀው አየር ተዳፋቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠቁረው ብዙ ጊዜ የእንጦጦ አናት ነው። በደቡብ ምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ በኩል ደግሞ የረር፣ ፉሪና ወጨጫ የየራሳቸውን ደመና ያበቅላሉ። ከተማችን በተራራ የተከበበች ስለሆነች ዝናቧን የምታየው ከዳር ወደ መሀል ሲመጣ ነው።

አንዴ ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ የሚሆነው ነገር ፈጣን ነው። እርጥብ አየር ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል። ያ ሙቀት አየሩን ይበልጥ ያነሳዋል። አየሩ በሰዓት 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር እየከነፈ ሊወጣ ይችላል። የደመናው አናት አውሮፕላን ከሚበርበት በላይ፣ 12 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ላይ ይደርሳል። የሚለቀቀው ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ሂሳብ ልሥራልዎ። 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ቦታ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ እንበል። ይህ 200,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ 20,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ 10,000 ጊዜ ሞልቶ እንደማለት ነው። ያ ውሃ ከእንፋሎት ወደ ጠብታ ሲለወጥ የለቀቀውን ጉልበት ለማመንጨት የህዳሴ ግድብ በሙሉ አቅሙ፣ በ5,150 ሜጋ ዋት፣ 27 ሰዓት ገደማ መሥራት አለበት። ከካዛንቺስ እስከ ስድስት ኪሎ ለጣለ አንድ ዝናብ ነው ይሄ ሁሉ።

አሁን ብርዱ ጋ ደርሰናል። ከሁሉም የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ ትንሽ ብቆይበት አይከፋዎትም ብዬ አስባለሁ።

ነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ ምን እንደሚካሄድ በትክክል የታወቀው ብዙ ሳይቆይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946 እና በ1947 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካኖች የጦር አውሮፕላኖችን ሆን ብለው ነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ እያስገቡ ለኩ። መጀመሪያ ፍሎሪዳ፣ በዓመቱ ኦሃዮ ላይ። ሥራውን የመራው የአየር ጠባይ ተመራማሪው ሆራስ ባየርስ ነበር፤ ውጤቱንም ከሮስኮ ብራሃም ጋር አሳተመው። ያገኙት ነገር ዛሬም የምንማረው ነው። አንድ የነጎድጓድ ደመና ሲወለድ ሁሉም አየር ሽቅብ ይወጣል። ሲጎለምስ ሽቅብ የሚወጣና ቁልቁል የሚወርድ አየር ጎን ለጎን ይኖራል። ሲሞት ቁልቁል የሚወርደው ብቻ ይቀራል። ሕይወቱ በጥቅሉ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ነው።

ቁልቁል የሚወርደው አየር ነው የእርስዎ ብርድ። ዝናቡና በረዶው ሲከብድ አየሩን ይዞት ይወርዳል። ከደመናው በታች ያለው አየር ሞቃትና ገና ያልጠገበ ነው፤ ስለዚህ ጠብታው በመንገድ ላይ ይተናል። ለመትነን ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ሙቀቱን የሚወስደው ከዚያው አየር ነው። 1 ኪሎ አየር ውስጥ 1 ግራም ውሃ ቢተን አየሩ በ2.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። 4 ግራም ቢተን 10 ዲግሪ ሄደ ማለት ነው። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል፣ ሲከብድ ይፈጥናል። መሬት ሲደርስ መሄጃ ስለሌለው በአራቱም አቅጣጫ ይዘረጋል። ቀትር ላይ 27 ዲግሪ የነበረ ሰፈር በ20 ደቂቃ ውስጥ ወደ 16 መውረዱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ማስረጃ ይፈልጋሉ? ብርዱ ከዝናቡ ቀድሞ እንደመጣ ያስታውሱ። ገና አንድ ጠብታ ሳይነካዎት ነፋሱ ብርድ ብርድ ይልዎታል። መንገድ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ነፋሱ አቅጣጫ ቀይሮ አቧራና ፌስታል ሲያነሳ፣ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሲኒዎቿን ረከቦቱ ላይ መሰብሰብ ትጀምራለች። ሊስትሮው የቀረችውን አንድ ጫማ ቶሎ ቶሎ ቦርሾ ሳጥኑን ይዞ ወደ በረንዳ ይገባል። ከዚያ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ቢቀር ነው። ቀጥሎ አስፋልቱ ላይ የሚወድቁት ጠብታዎች ጥቂትና ትልልቅ ናቸው። ትልቁ ጠብታ ስለሚፈጥን ቀድሞ ይደርሳል፤ ትንንሾቹ ወይ ወደኋላ ቀርተዋል ወይ በመንገድ ተንነው አልቀዋል። ያ አንጀት የሚያርሰው የአፈር ሽታም ያኔ ይነሳል። አንዱ ምንጩ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ጂኦስሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ጠብታው ደረቅ አፈር ሲመታ ወደ አየር ይረጨዋል።

ስለ በረዶው ብዙም ባይጠይቁም አንድ ነገር ልጨምር፤ አዲስ አበባ ላይ ለምን እንደሚበዛ ብዙ ሰው አያውቅም። በእኛ አካባቢ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚሆነው ከባሕር ጠለል በላይ 4,700 ወይም 5,000 ሜትር ላይ ነው። ጅቡቲ ላይ አንድ የበረዶ ፍሬ መሬት ለመድረስ ያን ሁሉ ርቀት በሞቃት አየር ውስጥ መውረድ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። እኛ ግን ራሳችን ግማሽ መንገድ ወጥተን ነው የምንጠብቀው። የቀረው 2,400 ሜትር ገደማ ነው። 1 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፍሬ ያንን በ4 ወይም በ5 ደቂቃ ይወርደዋል፤ ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም። ትልቅ የበረዶ ፍሬ ካገኙ በቢላ ለሁለት ይክፈሉት። አንዱ ንጣፍ ብርጭቆ፣ ቀጥሎ ያለው ወተት መስሎ ሊያገኙት ይችላሉ። ደመናው ውስጥ የተለያየ እርጥበትና ቅዝቃዜ እያለፈ እንዳደገ የሚያሳይ ነው።

ወደ ቦሌ እንሂድ። አንድ የነጎድጓድ ደመና የሚያዘንብበት ቦታ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ከካዛንቺስ እስከ ቦሌ ኤርፖርት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ እርስዎ ዶፍ፣ እህትዎ ፀሐይ ላይ መሆናችሁ የተለመደ ነገር ነው። ግን እስኪ ይጠይቋቸው፤ 10 ሰዓት አካባቢ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ሳይነካቸው አይቀርም። ዝናቡ ባይደርሳቸውም የተዘረጋው ቀዝቃዛ አየር ሊደርሳቸው ይችላል። ያ አየር ሲሄድ ከፊቱ ያለውን ሞቃት አየር እየፈነቀለ ሌላ ደመና ስለሚፈጥር፣ አንዳንዴ ፒያሳ ያበቃ ዝናብ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳሪስ ላይ እንደ አዲስ ይጀምራል።

የአፑም ነገር እዚሁ ላይ ነው። ብዙዎቹ አፖች ቁጥራቸውን የሚያገኙት ዓለምን በሙሉ በአራት ማዕዘን ከፋፍለው ከሚያሰሉ ሞዴሎች ነው። የእያንዳንዱ አራት ማዕዘን ጎን ከ9 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፒያሳ፣ ካዛንቺስና ቦሌ ለሞዴሉ አንድ ነጥብ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። አፑ በግንቦት በየቀኑ የመብረቅ ምልክት የሚያሳይዎት ስለዚህ ነው። «ዛሬ ከሰዓት እዚህ አካባቢ የሆነ ቦታ ላይ» ማለቱ ነው እንጂ የእርስዎን በር አያውቀውም። ትንበያ የምንሠራ ሰዎችም ብንሆን ጠዋት ላይ «9 ሰዓት ተኩል፣ ካዛንቺስ» ብለን መናገር አንችልም። እችላለሁ የሚል ካጋጠመዎት ሎተሪም ያስቆርጥዎ። ከሰዓት ላይ ግን የሳተላይት ምስልና የራስዎ ዓይን ይረዳሉ። 7 ሰዓት ላይ እንጦጦ ላይ ያለው ደመና ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ እየበለጠ ከሄደ፣ የታችኛው ክፍሉም ከጠቆረ፣ ከቢሮ መውጫ ሰዓትዎን ያስቡበት።

ይህ መበታተን አደጋም አለው። እንጦጦ ላይ የጣለ ዝናብ በቀበናና በግንፍሌ በኩል ወደ መሀል ከተማ ይወርዳል። ታች ያለው ሰው ሰማዩ ብራ ሆኖ እያለ ወንዙ ይሞላበታል። ድሬዳዋ በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ከ200 ሰው በላይ፣ በሌሊት ያለቀው በዙሪያው ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ በኩል ወርዶ ነው። ወንዝ ዳር መኪና ማቆም ወይም ልብስ ማጠብ ካለ፣ የሚታየው የራስ ሰማይ ሳይሆን የተራራው ነው።

ሙቀቱ ይመለሳል ወይ ላሉት፦ ሁለት መንገድ አለ። ሐሙስ የጣለው ዝናብ እርጥበት የሚያመጣውን ነፋስ አልቀየረውም። ነፋሱ ከቀጠለ ዓርብም ቅዳሜም ከሰዓት ይዘንባል፤ እርጥብ አፈር ላይ የሚያርፈው ፀሐይ ብዙው ጉልበቱ ውሃ በማትነን ስለሚያልቅ ሙቀቱ ያን ያህል አይወጣም። ነፋሱ ወደ ደረቅ ከተመለሰ ግን በሁለት ወይም በሦስት ቀን እንደነበረው ይሆናል። መሀል ከተማ ደግሞ ይብሳል። ካዛንቺስ ላይ የወረደው ውሃ አፈር አላገኘም፤ አስፋልት ላይ ተንሸራቶ ቱቦ ውስጥ ገባ። በማግስቱ የሚተን ነገር ስለሌለ ፀሐይዋ በቀጥታ አስፋልቱንና ግድግዳውን ታግላለች። ጉለሌ በኩል፣ ዛፍና ሣር ባለበት፣ ቅዝቃዜው ትንሽ ይቆያል። ሰኔ ሲገባና ክረምቱ ሲጠናከር ነው ሙቀቱ በትክክል የሚሰናበተን።

የቀረው መብረቅ ነው። ስልክ መብረቅ አይስብም። መብረቅ የሚፈልገው ከፍ ያለ፣ ብቻውን የቆመ፣ ሾጠጥ ያለ ነገር ነው። የሞባይል ሞገድ ከዚህ ውስጥ የለበትም። ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ያለ ስልክ ግን ሌላ ነገር ነው። መብረቅ የኤሌክትሪክ መስመር ሲመታ ኃይሉ በሶኬቱ በኩል ይገባል፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ሶኬት የሚነቀለው ደመናው ሲመጣ ነው። ነጎድጓዱ አናትዎ ላይ ከደረሰ በኋላ አይንኩት።

ታክሲው ለምን ጥሩ ነበር? ብዙ ሰው በጎማው ምክንያት ይመስለዋል። አይደለም። ደመናና መሬት መካከል ኪሎ ሜትሮች አየር ሰንጥቆ የመጣ መብረቅ አንዲት ስንዝር ጎማ አታቆመውም። የሚያድነው የሚኒባሱ የብረት አካል ነው። ኤሌክትሪኩ በውጭ ቆርቆሮው ዙሪያ ሄዶ ወደ መሬት ይገባል። መስኮት ዘግቶ፣ ብረቱን ሳይነኩ መቀመጥ ነው። ባጃጅና ሞተር ሳይክል ግን እንዲህ አይከላከሉም። የላስቲክ ሸራ የተወጠረበት መጠለያም እንዲሁ፤ ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም። ከሁሉም የከፋው ረጅም ዛፍ ስር መጠለል ነው፤ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ስር የሚሮጡ ሰዎችን ሳስብ ያመኛል። ጃንሜዳ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችም ነጎድጓድ ሲሰሙ ጨዋታውን ማቆም አለባቸው፤ ዝናቡ እስኪጥል አይጠበቅም። የብራ መብረቅ እውነት ነው። ከደመናው 15 ኪሎ ሜትር ርቆ ሰማያዊ ሰማይ ስር ሊመታ ይችላል። ከተማ መሀል ረጃጅም ሕንፃዎች ስለበዙ ያድኑናል ብለውም አይታመኑ። 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ እንኳ ጥቂት መንገድ ርቆ ለቆመ ሰው ዋስትና አይሆንም።

ርቀቱን መገመት ቀላል ነው። ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ሰከንድ ቆጥረው ለ3 ያካፍሉ፤ የሚያገኙት ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሰከንድ ካልሞላ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነው፤ ቤት ይግቡ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰሙ በኋላ ደግሞ 30 ደቂቃ ይቆዩ። ዝናቡ አባርቶም ጥቂት የቀሩ መብረቆች አሉ። ሰው ከተመታ ወዲያውኑ መንካት ይችላሉ፤ ሰውነቱ ውስጥ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። «አፈር ውስጥ ቅበሩት» የሚል ሰው ካለ አይስሙት። የማይተነፍስ ከሆነና ልቡ ከቆመ ደረቱን በሁለት እጅ ደጋግሞ መጫን ይጀምሩ፤ ሌላ ሰው የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ይደውል።